ያልቀመስኩት ወይን

ከፋሲካ ወዲህ ግራ መዳፌን ሳሸት ከረምኩ። በሳሙና አጥበዋለሁ፣ ሎሚ አሽበታለሁ፣ እንደገና አሸተዋለሁ። ምንም የለበትም። ልጄ ሰብለ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ እጄን አፍንጫዬ ላይ ስይዝ አይታኝ፣ «እማዬ፣ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ልያዝልሽ እንዴ?» አለችኝ። «ለእጅ ሽታ ሐኪም አለው?» ብዬ አሳቅኳትና ነገሩ በዚያው አለፈ። እውነቱን ብነግራት ኖሮ አትስቅም ነበር። የሚሸተኝ ከሃምሳ ዓመት በፊት በዚህ መዳፍ ላይ የፈሰሰ ወይን ነው። የኮመጠጠ፣ የሲጃራ አመድ የነካው፣ ማር ተጨምሮበት ጣፋጭ ለመምሰል የሞከረ ወይን። ሽታውን ረስቼው ነበር ማለት አልችልም፤ ግን አትላንታ ድረስ ተከትሎኝ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።

እኔ እልፍነሽ እባላለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ የምጽፈው እንደማወራው ነው። እዚህ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ በአንድ ነገር ያውቀኛል፤ ማዳላት አልወድም። በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ድፎ ዳቦ ሲቆረስ ቢላውን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ለቄሱም ትናንት ለመጣው እንግዳም እኩል ስለምቆርስ። የልጅ ልጆቼ ኬክ ሲካፈሉ የቆረጠው መጨረሻ እንዲያነሳ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ብራያርክሊፍ መንገድ ካሉት ሱቆች በአንዱ ሰው ወረፋ ሊቀድመኝ ሲሞክር፣ «ወንድሜ፣ ጭራው ወዲያ ነው» እለዋለሁ። ሰብለ ታፍርብኛለች። «እማዬ፣ አሜሪካ ነው እኮ ያለነው» ትለኛለች። አሜሪካም ቢሆን ሰልፍ ሰልፍ ነው። ይህ ጠባይ ከየት እንደመጣብኝ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ተናግሬ አላውቅም።

ማኅሌት የሰብለ የመጀመሪያ ልጅ ናት። ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ሰብለ በዲቪ ከመጣች በኋላ ያስመጣችኝ እሷን እንድይዝላት ነበር። አባቷ ኃይሉ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ማኅሌት አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት ሞተብን። ዛሬ እሷ ሚድታውን አንድ ትልቅ ምግብ ቤት ውስጥ ወይን መራጭ ናት። ሥራዋ ሰው የሚበላውን ሰምቶ የሚጠጣውን መንገር ነው። መጀመሪያ ስሰማ እንዲህ ያለ ነገር ደመወዝ ይከፈልበታል ብዬ አላመንኩም። ለፈተናዋ ስታጠና ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ትደረድርና አሽታ፣ አፏ ውስጥ አንከባላ፣ ባልዲ ውስጥ ትተፋለች። «የጠጡትን መትፋት ምን ይባላል?» ብላት፣ «ሥራ ይባላል፣ እማማ» አለችኝ።

ዘንድሮ ለፋሲካ አለቃዋንና ሁለት ገንዘብ የሚያወጡ ሰዎች ቤታችን ጠራች። ብራያርክሊፍ ላይ የእኛን ምግብ ከወይን ጋር የሚያቀርብ ቤት ለመክፈት እየተነጋገሩ ነበር፤ ቤቱን የምትይዘው እሷ ናት። ሰዎቹ ግን ከመፈረማቸው በፊት ምግቡን በበዓሉ ቀን፣ በቤተሰብ ገበታ ላይ፣ ከነወይኑ መቅመስ ፈለጉ። ለማኅሌት ይህ ሌላ ዕድል የሌለው ነገር ነበር። ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ ደብተር ይዛ ትዞር ነበር። ሰሙነ ሕማማት ላይ ሽንኩርት ስከትፍ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ዶሮ ወጡን ከምን ጋር ፔር እንደማደርገው ነው የጨነቀኝ» አለች።

«ፔር ምንድን ነው?»

«ሁለቱን ማገናኘት። ማጣመድ በይው።»

«ወጥና ወይን ቀንበር ልታገቢያቸው ነው?»

«አዎ፣ ላይክ፣ አንዱ ሌላውን እንዳይጎትተው።»

የገበሬ ልጅ ነኝና ይህ ገባኝ። በሬ የሚጠመደው ከእኩያው ጋር ነው፤ አንዱ ደካማ ከሆነ ቀንበሩ ያጋድላል፣ የሚቆስለውም ደካማው ነው። ማኅሌትም ስታስረዳኝ ነገሩ እንደዚያ ነው። በርበሬ ያለበት ወጥ ላይ ኃይለኛ ወይን እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው አለች፤ ስለዚህ ለዶሮው ጣፈጥ ያለ፣ በጣም የቀዘቀዘ ነጭ መረጠች። ለክትፎው ቀለል ያለ ቀይ፣ እሱም በረድ ብሎ። ለበግ አልጫው ቅቤውን የሚቆርጥ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ አረፋ ያለው። ያስቸገራት እንቁላሉ ነበር። ከወይን ጋር የማይስማማ ነገር ቢኖር እንቁላል ነው ብላ፣ «ብተወውስ?» አለችኝ። «ዶሮ ወጥ ያለ እንቁላል? እንግዶችሽ ሌላ ቀን ይምጡ» አልኳት። ሳቀች። እኔም እየወደድኩት ሄድኩ። ልጅቷ የተጨነቀችበት ነገር ለካ ፍትሕ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ለእያንዳንዱ ወጥ የሚገባውን መስጠት።

ማኅሌት ያላወቀችው፣ ከእሷ በፊት በዚህ ቤተሰብ ወይን የቀዳሁት እኔ መሆኔን ነው። አባቴ ሰላሌ ውስጥ ጭሰኛ ነበር። የባለመሬቱ ቤት አዲስ አበባ ነበርና አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ፣ መሰለኝ፣ ወስደው አሳላፊ አደረጉኝ። አሳላፊ ማለት በገበታ ላይ መጠጥ የሚቀዳ ነው። ነጭ ኮሌታ ያለው ጥቁር ቀሚስ አሰፉልኝ። ሸራ ጫማዬን ፒያሳ ወርጄ በሦስት ብር ገዛሁት፤ በየቅዳሜው በጠመኔ አነጣው ነበር። ጠመኔውን የሠፈር ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ደብቀው አምጥተው በአምስት ሳንቲም ይሸጡልናል። ከግቢው ወረድ ብሎ ሰይቼንቶ ታክሲዎች የሚቆሙበት ጥግ ነበር፤ ከጥጉ ሻይ ቤት የሬዲዮ ዘፈን ይሰማል፣ እኛ ሴቶቹ ለመላክ እየተሽቀዳደምን በዚያ በኩል እንመላለሳለን። አንዱ ሾፌር ሳልፍ «የጠመኔዋ» ይለኝ ነበር። ዛሬ ማኅሌት ወደ ሥራ ስትሄድ የምትለብሰው ጥቁር ልብስ ኮሌታው ቀርቶ ያንኑ ነው የሚመስለው። አንድ ቀን ልነግራት አስቤ ተውኩት።

ሥራውን ያስተማረችኝ አንዲት አሮጊት አሳላፊ ናት። ከሁሉ በፊት ያሳየችኝ ቅምሻን ነው። ዕቃውን በቀኝ እጅሽ ትይዣለሽ፤ ግራ መዳፍሽን ጎድጎድ አድርገሽ ከምትቀጂው ላይ ጠብ ታደርጊበታለሽ፤ እንግዳው እያየሽ ትጠጪዋለሽ። ከዚያ በኋላ ነው ለሰው የሚቀዳው። መርዝ የለበትም ማለት ነው። አሮጊቷ ግን «መርዙ ድሮ ቀርቷል» ትለኝ ነበር። «መዳፍሽ ምስክር ነው። አንቺ የቀመስሽውን ሰው አምኖሽ ይጠጣል።» አንድ ጊዜ ማኅሌት ምግብ ቤት ወስዳኝ አስተናጋጁ ለእኔ ብቻ ጠብታ ያህል ቀድቶ ቆመ። «ለእኔ ጭላጭ፣ ለሌላው ሙሉ?» ብዬ ተቆጣሁ። ለካ እዚህ የሚቀምሰው ጠጪው ነው፤ ለክብሬ ነበር። ማኅሌት ከሳቅ ብዛት ከወንበሯ ልትወድቅ ደረሰች። እኔ ግን እስካሁን አልተዋጠልኝም። ቀጂው ሳይቀምስ ጠጪው የሚቀምስበት አገር ኃላፊነቱ የማን ነው?

ወደ ፋሲካችን ልመለስ። ኃይሉ ከሞተ ጀምሮ አብረውት ታክሲ ይነዱ የነበሩ ጓደኞቹ በየፋሲካው እኛ ቤት ይመጣሉ። ሬሳውን የተሸከሙ ሰዎች ናቸው። ከቤቱ ሥር ባለው ቤዝመንት ይቀመጣሉ፤ ቴሌቪዥኑም ካርታውም እዚያ ስለሆነ ራሳቸው የመረጡት ቦታ ነው። ዘጠኝ ናቸው፤ ትልቃቸው ቻምብሊ የሚኖሩት አቶ ታደሰ ናቸው። እሳቸውም የድሮውን የቅምሻ ልማድ ያውቃሉና በየዓመቱ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ስቀዳ፣ «እትዬ እልፍነሽ፣ ይቅመሱልን» ይሉኛል። እኔም በመዳፌ እቀምሳለሁ። «በሉ፣ ዘንድሮም ሞት የለም» ብለው ይጠጣሉ፤ ዘጠኙም ይስቃሉ። ቀልዱ አንድ ነው፣ አንድም ዓመት አልቀረም።

የዘንድሮው ፋሲካ ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ሲሰበሰብ ወጥ ቤት ገባሁ። ላይ ገበታው ተዘርግቷል፣ ማኅሌት ነጭ የሀገር ልብስ ለብሳ፣ ስለ እያንዳንዱ ወይን ስታወራ ፈረንጆቹ አፏን ያያሉ። እናቷም አጠገባቸው ተቀምጣ እንዴት እንደሚጎረስ ታሳያለች። ማኅሌት ወይን ልትጨምር ስትመጣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት አንገታቸው የረዘመ የብርጭቆ ማንቆርቆሪያዎች አየሁ። ሁለቱም ቀይ ወይን ሞልተዋል።

«ይኼኛው የላይ ነው» አለችኝ። «ያኛው የታች።»

«መልካቸው አንድ ነው።»

«ለዚያ ነዋ እንዲህ የገለበጥኳቸው።»

«ጣዕማቸውስ?»

የማንቆርቆሪያውን አንገት በጨርቅ ጠረገች።

«ማኅሌት።»

«የሳጥን ነው፣ ርካሹ። እማማ፣ የላዩ በመከራ ያገኘሁት ነው፣ ለገበታው ብቻ ነው የሚበቃው። እነሱ ደግሞ ኮካ ነው የሚጨምሩበት፤ ታውቂያቸው የለ?»

እውነቷን ነው። ቀይ ወይን ላይ ኮካ መጨመር የእኛ ሰው ልማድ ነው፤ እኔም እጨምራለሁ። ግን አልተዋጠልኝም።

«ዶሮውም ክትፎውም ከአንድ ድስት ነው የወጣው» አልኳት። «ደረጃውን ሲወርድ ምን ሆኖ ነው ሌላ ወይን የፈለገ?»

«ፕሊስ፣ እማማ። ዛሬ አይደለም።»

«ወይኑን ያጣመድሽው ከወጡ ጋር አይደለማ። ከሰው ጋር ነው።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከገበታው አለቃዋ በስሟ ጠራቻት። «አንቺ ብታወርጂላቸው አይከፋቸውም» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እጅሽን ይወዱታል። ለኔ ብለሽ።»

ለኔ ብለሽ ስትለኝ እምቢ ማለት አልችልም፤ እሷም ታውቀዋለች። ማንቆርቆሪያውን አነሳሁ። የቤዝመንታችን ደረጃ አሥራ ሦስት ነው፣ ጉልበቴ ስለሚያመኝ ሁሌም እቆጥረዋለሁ። ያን ቀን ግን ቁጥሩ ጠፋብኝ፤ ምክንያቱም ግማሽ ላይ ስደርስ ወይኑ ሸተተኝ።

ያኔም ፋሲካ ነበር። ባለመሬቱ ትልልቅ እንግዶች ጠርተው ነበር፤ ወንዶቹ ጥቁር ሱፍ የለበሱ፣ ሴቶቹ ካባ የደረቡ። ከባሕር ማዶ የመጣ ቀይና ነጭ ወይን በጠርሙስ ተደርድሯል። ግቢው ውስጥ ደግሞ ዳስ ተጥሎ ጭሰኞችና ድሃ ዘመዶች ተቀምጠዋል። አባቴም ለበዓሉ በግ ነድቶ ሁለት ቀን ተጉዞ መጥቶ ነበር። ጋቢውን አሳጥቦ፣ ከዳሱ ዳር ተቀምጦ፣ በዓይኑ እኔን ይፈልጋል። ለዳሱ የተጣለው ጠጅ ሳይታሰብ አለቀ። እመቤቲቱ ወጥ ቤት ገብተው ከገበታ የተመለሱትን ብርጭቆዎች አዩ፤ እንግዶቹ እየጠገቡ ብዙውን ግማሽ ጠጥተው ትተውታል። «ይኼ ሁሉ ሊደፋ ነው? ግፍ ነው» አሉ። «አጠራቅሙና ማር በጥብጡበት። ለዳሱ ይሁን።» ግፍ የሚለውን ቃል ከዚያ ቀን በኋላ እንደ ቀድሞው ሰምቼው አላውቅም። ጭላጩን ሁሉ፣ ቀዩንም ነጩንም፣ አንድ ላይ አጠራቀምነው። ከአንዱ ብርጭቆ ውስጥ የሲጃራ ቁራጭ በማንኪያ አወጣሁ። ቀለሙ የሥጋ እጣቢ ይመስል ነበር።

ዳሱ ስገባ መጀመሪያ የደረስኩት አባቴ ጋ ነው። ተነስቶ ቆመልኝ። «ልጄ ናት» አለ፣ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው። ያ ሁሉ ሰው መዳፌን አየ። ጠብ አደረግኩበትና ጠጣሁት። አመዱን፣ ኮምጣጣውን፣ የማላውቃትን ሴት የከንፈር ቀለም ቀመስኩት። ፊቴን አላጨማደድኩም። «ጥሩ ነው» አልኩ። አባቴ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ተቀበለኝ።

ይህን እያሰብኩ ነው ቤዝመንት የደረስኩት። አቶ ታደሰ ቴሌቪዥኑን ቀነስ አደረጉ። ዘጠኙም ሳህናቸውን ይዘው ዶሮውን እያጣጣሙ ነበር፤ ኮካው ጠረጴዛው መሐል ቆሟል። ለእሳቸው ቀዳሁ። ብርጭቆውን ይዘው ጠበቁኝ።

«እትዬ እልፍነሽ፣ ይቅመሱልን።»

ግራ እጄን አነሳሁ። መዳፌም ተከፈተ። ማንቆርቆሪያውን ላዘነብል ስል እጄ አልታዘዝ አለኝ። የሳጥን ወይን መርዝ አይደለም፣ አመድ የለበትም፣ የማንም ጭላጭ አይደለም። ያን ሁሉ ለራሴ ነገርኩት። እጄ ግን ወደ ሽርጤ ተመለሰ።

«ዘንድሮ አልቀምስም» አልኩ።

ከመሐል አንዱ ቀልድ መስሎት፣ «እትዬ፣ ጾሙ አልተፈታም እንዴ?» አለ። ሁለት ሦስቱ ሳቁ። አቶ ታደሰ አልሳቁም። ብርጭቆውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከላይ የፈረንጆቹ ሳቅና የማኅሌት ድምፅ ይሰማ ነበር። ብርጭቆውን አፋቸው ሳያደርሱት መልሰው አስቀመጡት።

«ሽፍት አለብኝ ለካ» አሉ።

ሽፍት እንደሌላቸው ሁላችንም እናውቃለን፤ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ሌሎቹም ግን አንድ በአንድ ተነሱ። አንዱ ሚስቱ እንደምትጠብቀው አስታወሰ፣ አንዱ መኪናውን ሰው መንገድ ላይ ፓርክ አድርጎ እንደረሳ ተናገረ። ማንም ክፉ ቃል አልወጣውም። «እንኳን አደረሳችሁ፣ በዓሉ የሰላም ይሁን» እያሉ በጋራዡ በኩል ወጡ። ዘጠኝ ሳህን ከነዶሮው ቀረ። አቶ ታደሰ በሩ ላይ ዞረው፣ «ለማኅሌት እንኳን አደረሰሽ በሉልኝ» አሉኝ። እንደ ልማዳቸው ሊስሙኝ ጎንበስ ብለው ነበር፤ ምን እንዳሰቡ እንጃ፣ ተዉት።

ዘጠኝ መኪና ተከታትሎ ሲወጣ ላይ ያሉት በመስኮት አዩት። አለቃዋ ማኅሌትን ምን ተፈጠረ ብላ ጠየቀቻት። ማኅሌት ምን ብላ እንደመለሰች አላውቅም፤ ግን ከዚያ በኋላ ስለ ወይኖቹ ማውራት አልቻለችም። እንግዶቹ ፀሐይ ሳትጠልቅ አመስግነው ሄዱ። የላይኛው ቀይ ወይን የመጨረሻው ጠርሙስ ሳይከፈት ቀረ። ማኅሌት ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችው።

«ምን ብለሻቸው ነው?»

«ምንም አላልኳቸው። አልቀመስኩም።»

«ጠጥተው ይስቁ ነበር፣ እማማ። ኮካቸውን ጨምረው፣ ካርታቸውን ተጫውተው፣ ደስ ብሏቸው ይሄዱ ነበር። ያዋረድሻቸው አንቺ ነሽ።»

«የሳጥን ወይን ያቀረብኩላቸው እኔ ነኝ?»

«ያሳወቅሻቸው አንቺ ነሽ። ዳዲ የሞተ ቀን ከአጠገቤ ያልተነሳው ጋሽ ታደሰ ነው። እሱን ነው ከዶሮው ላይ ያስነሳሽብኝ።»

ልጅቷ ጥፋተኛ ናት፤ ግን የተናገረችው ውሸት አልነበረም። ሁለቱ እንዴት አንድ ላይ እንደሚሆኑ ሳስብ አመሸሁ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ማኅሌት ሥራ ትሄዳለች፣ ትመጣለች፣ «ደኅና ዋልሽ» ትለኛለች፣ ሌላ የለም። ስለሚከፈተው ምግብ ቤት የሚደውልላት አልነበረም። እኔም መዳፌን ማሽተት የጀመርኩት በዚያ ሳምንት ነው።

ያኔ በዳሱ አባቴ ያን ወይን እስከ መጨረሻው ጠጣው። ብርጭቆውን ገልብጦ አንድ ጠብታ እንዳልቀረ አሳየኝና «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኘሁት። በአሥር ሳንቲም ቆሎ ገዝቶ ግማሹን ለእኔ ዘገነልኝ፤ ስለ እናቴ፣ ስለ ላሟ፣ ስለ ዝናቡ አወራኝ። አውቶቡሱ መጥቶ አንድ እግሩን ካሳፈረ በኋላ ዞር አለ። «እጅሽን ታጠቢ፣ ልጄ» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ እስኪሞትም ድረስ አላነሳውም። በንጋታው ሥራውን ጥዬ ወጣሁ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልወጣሁም። ሌላ ሁለት ፋሲካ አሳልፌያለሁ፤ በሁለቱም ምን እንደቀመስኩ አልናገርም። የወጣሁት ዘመኑ ተገልብጦ ቤቱ ሲበተን ነው። ከዚያ በኋላ ነው ዳቦ እኩል የምቆርስ ሰው የሆንኩት።

ቅዳሜ ዕለት ማኅሌትን አስቀምጬ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ለሰው ስነግረው የመጀመሪያዬ ነበር። ስልኳን እንኳ ሳትነካ ሰማችኝ።

«አባትሽ አውቆት ነበር?» አለችኝ።

«አውቆት ነበር።»

«ታዲያ ለምን ጠጣው?»

«ለኔ ብሎ።»

ተነሳች። ያልተከፈተውን ጠርሙስ ይዛ ተመለሰችና ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። «ነገ ዳግማይ ነው» አለች። «ቻምብሊ እንሂድ።»

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሄድን። የአቶ ታደሰ አፓርትመንት ቢዩፈርድ ሀይዌይ ዳር ነው፤ ማኅሌት መኪናውን ፓርክ አድርጋ ጠርሙሱን እንደ ሕፃን አቅፋ ደረጃውን ወጣች። ሚስታቸው ሥራ ላይ ነበሩ። እሳቸው በሩን ከፍተው ሲያዩን ደነገጡ፣ ከዚያ ወንበር ላይ የተከመረውን ልብስ ማንሳት ጀመሩ። ማኅሌት አልተቀመጠችም።

«ጋሽ ታደሰ፣ ባለፈው እሁድ ያቀረብኩላችሁ ወይን የሳጥን ነበር። የላዩ ሌላ ነበር።»

«አውቀናል» አሉ።

«ማን ነገራችሁ?»

«ሳጥኑ። ጋራዡ ውስጥ ከቆሻሻው አጠገብ ቆሞ ነበር፤ በእሱ በኩል አይደል የገባነው? እርስ በርስም ሳቅን፤ ልጃችን ዛሬ ትልቅ እንግዳ አለባት ተባባልን።»

እኔ ተቀመጥኩ። ሳላስበው ነው የተቀመጥኩት።

«ታዲያ ለምን ሄዳችሁ?» አለች ማኅሌት።

አቶ ታደሰ ወደ እኔ አዩ፤ ለመናገር የፈለጉ አይመስሉም ነበር። «እትዬ ቢቀምሱት ኖሮ እንጠጣው ነበር» አሉ። «እሳቸው እምቢ ካሉ በኋላ ግን እንዴት ብለን አላወቅንም እንበል?»

ሃምሳ ዓመት ሙሉ አባቴን ያዋረድኩት ቀምሼ ነው ብዬ ኖርኩ፤ እነዚህን ሰዎች ደግሞ ሳልቀምስ አዋረድኳቸው። አባቴም፣ እነሱም፣ እያወቁ ሊጠጡልን ተዘጋጅተው ነበር። ፍርዱ የቱ ጋ እንደሆነ እስካሁን አላገኘሁትም፤ እኔ ዳቦ መቁረስ ነው የማውቀው። ይህን ግን ይቅርታ አድርጉልኝ ብዬ ለአቶ ታደሰ መናገር ነበረብኝ፣ ተናገርኩ። «ምን ይቅርታ አለው፣ እትዬ፣ ፋሲካ አላለፈም» አሉኝ።

ማኅሌት ጠርሙሱን ከፈተች። ለክትፎው መርጣው የነበረው፣ ሁለት ወር ሙሉ ያፈላለገችው ቀይ ወይን ነው። ብርጭቆ ካቀረበች በኋላ ወደ እኔ ዞራ ግራ መዳፏን ዘረጋች። መዳፌን ጎድጎድ አድርጌ አሳየኋት። አበዛችው፤ ወይኑ በእጅ አንጓዋ ወርዶ የነጭ ቀሚሷን እጅጌ ነካው። አቶ ታደሰ እያዩዋት ጠጣችው። አልተፋችውም።

«በሉ፣ ዘንድሮም ሞት የለም» አሉና ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። ትንሽ ጎንጭተው አፋቸው ውስጥ አቆዩት። «ጥሩ ነው» አሉ፤ ዓይናቸው ግን ወደ ፍሪጁ ሄደ። «ልጄ፣ ካላስቀየምኩሽ...»

ማኅሌት ራሷ ተነስታ ኮካውን አመጣች። «ይጨምሩበት፣ ጋሼ» አለች። እሷ ሰውን እርስዎ ስትል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ሁለት ወር የፈለገችው ወይን በኮካ ሲጠቁር ቆማ አየችው። ከዚያ እጇን አየችና መጥረጊያ ፍለጋ ዓይኗን አንከራተተች። ሶፍት አንስታ ልታስጠጋው ስትል አንጓዋን ያዝኳት።

«አትጥረጊው» አልኳት። «ይድረቅ።»